የአጭሯ ቀን ጥላ፦ ሰባት ቀን በጣና ዳር

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2015 ዓ.ም.

ከአዲስ አበባ ሳይነጋ ተነስተን፣ የዓባይን በረሃ ወርደን ወጥተን፣ ባሕር ዳር ስንገባ ጀንበር አዘቅዝቃለች። አብራኝ ያለችው የእህቴ ልጅ ናት። የ12ኛ ክፍል ፈተናዋን በጥቅምት ጨርሳ ውጤት እየጠበቀች ነው። እኔም ጂኦግራፊ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ከወጣሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነው፤ ሁለታችንም ጊዜ አለን።

ጉዞውን ያመጣችው እሷ ናት። ባለፈው ወር ስልኳ ላይ አንድ ቪዲዮ አሳየችኝ። ተናጋሪው ገና የፀሐይ በዓል እንጂ የክርስቶስ ልደት አይደለም ይላል። በፈረንጆቹ ዲሴምበር 22 ፀሐይ «ትሞታለች»፣ ሦስት ቀን ሳትነቃነቅ ትቆያለች፣ በ25 «ትነሳለች»፤ ሃይማኖቶች ሁሉ ታሪካቸውን ከዚህ ቀዱ ይላል። «ጋሼ፣ እውነት ነው?» አለችኝ። በልጅነቴ በድቁና አገልግያለሁ፤ ጎልምሼ ደግሞ የምድርን ዙረት ለሠላሳ ዓመት አስተምሬያለሁ። ጥያቄዋ በሁለቱም በኩል ነካኝ። ቁጭ ብዬ ልሰብካት አልወደድኩም። «ቀኑ ሲደርስ ባሕር ዳር እማማ ግቢ እንጨት ተክለን እናያለን» አልኳት።

እማማ የምትላት አክስቴን ነው። ጾመ ነቢያት ስለሆነ የተልባ ፍትፍት አቅርባ ጠበቀችን።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 11

ጠዋት አሮጌ የመጥረጊያ እጀታ ልክ አንድ ሜትር ላይ ቆርጠን ግቢው መሐል ተከልነው። ክር ላይ ጠጠር አስረን እንደ ግንበኛ ቱንቢ አደረግንና ቀጥ ማለቱን አረጋገጥን። አክስቴ በርበሬዋን ሰሌን ላይ ልታሰጣ ስትወጣ እንጨቱን አየችው። «ምን ልታስሩበት ነው?» አለች። ጥላ ልንለካ መሆኑን ስንነግራት ሰሌኗን ጎትታ ወደ ደቡቡ ጥግ ወሰደችው። «እንግዲያው ከዚህ በኩል ነው ጥላ የማይደርሰው» አለች። ያለ ኮምፓስ፣ ያለ መጽሐፍ።

የእህቴ ልጅ ከ6 ሰዓት ጀምራ በየአምስት ደቂቃው የጥላው ጫፍ ላይ ጠጠር አስቀመጠች። ጥላው እያጠረ ሄዶ ሊረዝም የጀመረው 6 ሰዓት ከ30 ገደማ ነው። ለምን ልክ 6 ሰዓት ላይ አልሆነም? ሰዓታችን የሚቆጠረው ኦጋዴንን በሚያቋርጠው በ45ኛው ዲግሪ ስለሆነ ነው። ባሕር ዳር ከዚያ ሰባት ዲግሪ ተኩል ያህል ወደ ምዕራብ ትርቃለች፤ ፀሐይ ደግሞ እያንዳንዷን ዲግሪ በአራት ደቂቃ ነው የምታልፈው። አጭሩ ጥላ 70 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ጻፈችው።

ከሰዓት በኋላ በጀልባ ወደ ዘጌ ተሻገርን፤ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል። የዘጌ ጫካ ቡና የደረሰበት ወቅት ነው። በየደጁ ቀዩ ፍሬ ተሰጥቷል፤ ዳር ዳሩ ጠቁሮ ጀንፈል ሆኗል። አንዲት ሴት በእጇ መዳፍ እያገላበጠች፣ ከጥላ እየሸሸች፣ ምንጣፏን እያስጠጋች ቀኑን ሙሉ ፀሐይን ትከተላለች። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ደርሰን ተሳልመን ስንወጣ አመሻሽ ሆነ።

ማታ ያደርንበት ቤት አንድ የኔታ መጡ። ባሕረ ሐሳብ ያስተምራሉ። የመጣንበትን ስነግራቸው ፈገግ ብለው ልጅቷን ጠየቋት፦ «ሔኖክን አንብበሻል?»

እዚህ ላይ ልዘግይ፣ ነገሩ ይገባዋልና። መጽሐፈ ሔኖክ ሙሉውን የተገኘው በግዕዝ ብቻ ነው። ከምዕራፍ 72 ጀምሮ የፀሐይን ጉዞ ይተርካል። በምሥራቅ ስድስት ኆኅት፣ በምዕራብ ስድስት ኆኅት አሉ፤ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በነዚህ ደጆች ስትወጣና ስትገባ፣ አንዴ ወደ ስድስተኛው ትሄዳለች፣ አንዴ ወደ አንደኛው ትመለሳለች። አንደኛው ደጅ ላይ ስትደርስ ሌሊቱ 12 ክፍል፣ ቀኑ 6 ክፍል ይሆናል። የኔታ ይህን በቃላቸው ሲሉት ልጅቷ ብዕሯን አስቀምጣ ትሰማለች። «ነገ ጠዋት አንደኛው ደጅ ላይ ናት» አሏት። «እንዳታልፍሽ።»

ሌሊቱ የቀኑ እጥፍ የሚሆነው ግን በጣና አይደለም። እንደዚያ የሚሆነው ለንደን አካባቢ ነው፤ በአጭሯ ዕለት ቀኑ ስምንት ሰዓት እንኳ አይሞላም። እኛ ዘንድ አጭሩ ቀን 11 ሰዓት ከ27 ደቂቃ ነው፤ ረጅሙም ቢሆን 13 ሰዓት አይሞላም። ይህን ለየኔታ ስነግራቸው አልተከራከሩኝም። «እኛም ሰዓት የምናውቀው በመጽሐፉ ክፍል ሳይሆን በጥላ ነው፤ ጥላችንን በጫማችን እየለካን» አሉ። ወር በወር ስንት ጫማ ሲሆን ስንት ሰዓት እንደሆነ የሚዘረዝሩ የግዕዝ ሠንጠረዦች አሉ፤ የጾም ቅዳሴ የሚገባበትን ሰዓት በነሱ ያውቁ ነበር። የእህቴ ልጅ እኔን ቀና ብላ አየችኝ። የመጥረጊያው እጀታችን የቆየ ዘመድ አግኝቷል።

ስለ ገና ስትጠይቃቸው ጣታቸውን አጥፈው ቆጠሩላት። ጌታ የተፀነሰው መጋቢት 29 ነው። ከዚያ እስከ ታኅሣሥ 29 ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ነው፤ አምስቱ ጳጉሜን ናቸው። ጳጉሜን ስድስት በሆነች ጊዜ ገና ታኅሣሥ 28 ላይ ይውላል። ለምን? ዘጠኝ ወር ከአምስቱ እንዳይዛነፍ። «ፀሐይን ብንከተል ኖሮ ይሄ ምን ያስጨንቀናል፣ ልጄ?» አሏት። «እኛ የምንቆጥረው የእናትን ወራት ነው።»

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 12

ወርኃዊው ሚካኤል ነው፤ ማሕሌቱ ከጫካው ውስጥ ይሰማል። በ12 ሰዓት ሐይቁ ዳር ቆመናል። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ወገግ ሲል ውሃው መጀመሪያ ግራጫ፣ ቀጥሎ እንደ መዳብ ሆነ። ሁለት ታንኳዎች እንጨት ጭነው ወደ ባሕር ዳር ሲቀዝፉ በብርሃኑ ላይ ጥቁር ሆነው ይታያሉ።

12 ሰዓት ከ45 አለፍ እንዳለ ጀንበሯ ከማዶው ዳርቻ ብቅ አለች። የስልኩ ኮምፓስ 114 ዲግሪ ይላል፦ ከትክክለኛው ምሥራቅ 24 ዲግሪ ወደ ደቡብ። በሰኔ ያንኑ ያህል ወደ ሰሜን ትሄዳለች። ክንድ ተዘርግቶ የተጨበጠ እጅ 10 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል። ልጅቷ ጭብጧን ከፀሐይዋ ጀምራ ወደ ሰሜን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለች ደረደረች፤ አምስተኛው ሊሞላ ሲል የሰኔው ደጅ ላይ ደረሰች። የሔኖክ ስድስት ኆኅቶች በአምስት ጭብጥ ውስጥ ናቸው። ድምጿን ዝቅ አድርጋ «አንደኛው ደጅ» አለች።

የሰው ልጅ ይህችን ጠዋት እየጠበቀ ድንጋይ አንስቷል። አየርላንድ ውስጥ ኒውግሬንጅ የሚባል መቃብር አለ፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3200 ዓመት ገደማ የተሠራ። ከበሩ በላይ የተተወች ቀዳዳ አለችው። በነዚህ ቀናት ጠዋት ብቻ ብርሃን በቀዳዳዋ ገብቶ፣ 19 ሜትር መተላለፊያውን አልፎ የውስጠኛውን ክፍል ለ17 ደቂቃ ያህል ያበራዋል። ኢራናውያን የዛሬን ሌሊት ያልዳ ብለው ሮማንና ሐብሐብ በልተው፣ ግጥም አንብበው ያነጉታል። ለኢንካዎች ክረምቱ የሚገለበጠው በሰኔ ነው፤ ኢንቲ ራይሚ የሚሉት የፀሐይ በዓላቸው በስፔኖች ተከልክሎ ኖሮ ኩስኮ ላይ በ1944 እንደ ፈረንጆቹ እንደገና ተጀመረ።

በቅዳሴያችን ዲያቆኑ «ውስተ ጽባሕ ነጽሩ» ሲል ሕዝቡ ወደ ምሥራቅ ይዞራል። ልጅቷ ይህን ራሷ አነሳችው፤ እኛስ ወደ ምሥራቅ ዞረን አንጸልይም ወይ? እንጸልያለን። ነቢዩ ሕዝቅኤል ግን በምዕራፍ 8 ጀርባቸውን ለቤተ መቅደስ ሰጥተው ለፀሐይ የሚሰግዱትን ሲከስ ያየነው ነው። ልዩነቱ አቅጣጫው ላይ አይደለም። ሚልክያስ «የጽድቅ ፀሐይ ትወጣላችኋለች» ሲል ጀንበሯን ምሳሌ አደረጋት እንጂ አልሰገደላትም። እኔ በዚህ አምናለሁ፤ ለእሷም እንዲሁ ነገርኳት።

በ5 ሰዓት ባሕር ዳር ተመለስን። 6 ሰዓት ከ28፦ 70 ሳንቲ ሜትር።

ጠጠሮቹን ስንለቅም አክስቴ ቡናዋን እየቆላች ስለምን እንደምናወራ ጠየቀች። ልጅቷ ነገረቻት፦ ፈረንጆች ፀሐይ በዛሬው ቀን ትሞታለች ብለው ይፈሩ ነበር። አክስቴ ምጣዱን አውርዳ ሳቀች። «በታኅሣሥ? በታኅሣሥማ ፀሐይ በመስኮት ገብታ አልጋዬ ድረስ ትመጣለች። ፀሐይ የምትሞትብን በሐምሌ ነው!»

ሠላሳ ዓመት አስተምሬ ያላሰብኩት ነገር ነው። በሰኔ ቀኑ በሰዓት ቢረዝምም፣ ክረምቱ ሲገባ ደመና ይከድነዋል፤ ዝናብና ጭቃ እንጂ ፀሐይ አናይም። ጎተራው የሚጎድለው፣ መንገዱ የሚዘጋው ያኔ ነው። እንግዲህ የእኛ የጨለማ ማብቂያ መቼ ነው? «ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት፣ ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት» እንላለን። ነሐሴ 13 ችቦ እናበራለን፣ ጅራፍ እናጮሃለን፣ ሙልሙል እንበላለን፤ በታቦር ተራራ የታየውን ብርሃን እናስባለን። ሰሜኖቹ በዲሴምበር እሳት የሚያነዱበት ያ ጭንቀት እኛ ዘንድ በነሐሴ አለ። ቪዲዮው አንድ ቀን ለዓለም ሁሉ ይሰጣል። ጨለማ ግን በየአገሩ የራሱ ወር አለው።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 13

ትናንት ረቡዕ ለሐሙስ አጥቢያ፣ ሌሊት 6 ሰዓት ከ48 ላይ ፀሐይ ወደ ደቡብ መሄዷን ጨርሳ ተመለሰች። እኛ ተኝተን ነበር።

ጠዋት አንድ ስሌት ሠራሁ። የኔታ መፀው ታኅሣሥ 25 ተፈጽሞ 26 በጋ ይገባል ብለውን ነበር፤ ማንኛውም የቤተ ክርስቲያን ልጅ ያውቀዋል። ታኅሣሥ 26 በጥንቱ የዩልዮስ አቆጣጠር ዲሴምበር 22 ነው። የኒቅያ ጉባኤ በተደረገበት በ325 ፀሐይ የምትመለሰው እዚያው አካባቢ ነበር። የዩልዮስ ዓመት በ128 ዓመት አንድ ቀን ይሳሳታል፤ እስከ ዛሬ 13 ቀን ሆኗል። ከ26 ላይ 13 ሲቀነስ 13። ዛሬ! የበጋችን መግቢያ የጥንቱን ሰማይ ይዞ ቆይቷል ማለት ነው። ሕንዶችም የፀሐይን ወደ ሰሜን መዞር የሚያከብሩት በጃንዋሪ 14 ነው፤ የእነሱም ቀን በሌላ ምክንያት ከሰማዩ ርቋል።

የአክስቴ ጎረቤት ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ሐጂ እንላቸዋለን። አጥሩ ላይ ተደግፈው ጠጠሮቻችንን ሲያዩ ወዲያው ገባቸው። «ዙህር ነው የምትጠብቁት?» አሉ። የዙህር ሶላት የሚገባው ጥላው አጥሮ ጨርሶ ማደግ ሲጀምር ነው። የከሰዓቱ የዐስር ሶላት የሚገባው ደግሞ ጥላው የቀትሩን ጥላና የነገሩን ቁመት ድምር ሲያህል ነው፤ የሻፊዒ መዝሀብ (የሕግ ትምህርት ቤት) እንደሚለው። ልጅቷ ወዲያው ደመረች፦ 100 እና 70፣ 170 ሳንቲ ሜትር። መሬቱ ላይ መስመር አሰመረች። ሐጂ የስፌት መኪናቸውን ትተው መጡ። የጥላው ጫፍ መስመሯን የነካው 9 ሰዓት ከ45 አካባቢ ነው። ብዙም ሳይቆይ ከመስጊዱ አዛን ተሰማ። ልጅቷ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሐጂም «አላሁ አክበር» ብለው ፊታቸው በራ።

ከሶላት ሲመለሱ ሌላውን ነገሯት። ጀንበር ልክ ስትወጣ፣ አናት ላይ ስትደርስና ስትጠልቅ መስገድ የተከለከለ ነው፤ ለፀሐይ የሚሰግዱትን እንዳይመስል። በቁርኣን ሱረቱ ነምል ውስጥ ሁድሁድ የተባለችው ወፍ ለሱለይማን የሳባ ንግሥትና ሕዝቧ ለፀሐይ ሲሰግዱ አገኘኋቸው ብላ ወሬ ታመጣለች። በክብረ ነገሥትም ማክዳ አባቶቻችን እንዳስተማሩን ፀሐይን እናመልካለን ብላ ለሰሎሞን ትነግረዋለች። ሁለቱ መጻሕፍት ንግሥቲቱን ያገኟት ፀሐይ ፊት ሆና ነው፤ ሁለቱም ከዚያ አንስተው ወደ አንድ አምላክ ይወስዷታል። የአክሱም ሳንቲሞችም ይህንኑ መንገድ ያሳያሉ። የቀደሙት ላይ ክብ ቅርጽና ጨረቃ አለ፤ በ4ኛው መቶ ዘመን ኢዛና ካመነ በኋላ በቦታው መስቀል ገባ። የፀሐይ አምልኮ ለእኛ የሰው አገር ወሬ አይደለም፤ የተሻገርነው ነው።

የዛሬው ጥላ፦ 70።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 14

ዘመነ ስብከት ትናንት አበቃ፤ ከዛሬ እስከ 20 ዘመነ ብርሃን ነው። ከገና በፊት ያሉት ሦስቱ ሰንበቶች ስብከት፣ ብርሃን፣ ኖላዊ ይባላሉ።

ዓባይ ከጣና ወደሚወጣበት ሄድን። አዲሱ ድልድይ ያኔ ገና እየተሠራ ነበር። ዳርቻው ላይ አንድ ሰው ከደንገል የተሠራ ታንኳውን ጎትቶ አውጥቶ አቁሞታል፤ ውሃው በደንገሎቹ መሐል ይንጠባጠባል። ታንኳ በየቀኑ ፀሐይ ካልመታው ውሃ ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ ይበሰብሳል። ሰውየው ጀንበሯን ቀና ብሎ አይቶ ታንኳውን ትንሽ አዞረው።

ይህ ውሃ ሱዳንን አቋርጦ ግብፅ ይገባል፣ በካርናክ ቤተ መቅደስ አጠገብም ያልፋል። የካርናክ ዋና መስመር የተቀየሰው በነዚህ ቀናት ፀሐይ በምትወጣበት አቅጣጫ ነው። የፀሐይን ደጅ ለማየት ያን ያህል ድንጋይ የጠረቡት ሰዎች ማሳቸው ላይ ያለው አፈር ከየት እንደመጣ አላዩም፤ ጎርፉን የሚልከው የእኛ የሐምሌ ጨለማ ነው። ልጅቷ አንድ ቅጠል ወረወረች። እስኪርቅ አየነው።

ጥላ፦ 70።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 15

ነፋስ ነበር፤ ሐይቁ ስለተናወጠ ጀልባ አልወጣንም። ሰማዩ ቀትር ላይ ለጥቂት ደቂቃ ጠራ፤ 70።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 16

ቅዱስ ጊዮርጊስ አስቀደስን። የብርሃን ሰንበት ነው። ዲያቆኑ «ፈኑ ብርሃነከ ወጽድቀከ» ብሎ ሲሰብክ አጠገቤ የቆመችውን ልጅ አየኋት። ብርሃንህንና እውነትህን ላክ። በፈረንጆቹ ዛሬ ዲሴምበር 25 ነው፤ ሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች አንዱ በር ላይ መብራት የተጠመጠመበት ዛፍ ቆሟል።

ቀትር ላይ ሦስታችንም ግቢው ውስጥ ነን፤ ሐጂ አራተኛ ሆኑ። ቪዲዮው እውነት ከሆነ ፀሐይ ዛሬ መነሳት አለባት። 6 ሰዓት ከ30። ልጅቷ ተንበርክካ ሜትሩን ዘረጋች። 70። ደግማ ለካች። 70።

ፈረንጆች ይህን የፀሐይ መመለሻ የሚጠሩበት ሶልስቲስ የሚለው ቃል በላቲን «ፀሐይ ቆመች» ማለት ነው፤ መቆሙ ግን ሦስት ቀን አይደለም። በመመለሻዋ ዙሪያ ፀሐይ እጅግ ቀስ ስለምትል፣ ከማክሰኞ እስከ ዛሬ ያለው የጥላ ለውጥ ሁለት ሚሊ ሜትር አይሞላም። በዓይንና በእንጨት የሚያይ ሰው ዲሴምበር 25 ላይ ምንም ትንሣኤ አያይም። ስለዚህ ያ ክፍል ፈጠራ ነው።

የቀረውን ግን አልደበቅኳትም። የሮማው ንጉሥ አውሬልያን በ274 ለማትሸነፈው ፀሐይ ቤተ መቅደስ አቁሟል። በ354 የተዘጋጀ አንድ የሮም ሰነድ ዲሴምበር 25ን ለሁለቱም ይመዘግባል፦ አንድ ቦታ የማትሸነፈው ልደት፣ ሌላ ቦታ የክርስቶስ ልደት በቤተልሔም። በ5ኛው መቶ ዘመን የሮማው ፓፓ ልዮን ወደ ቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ደረጃ ወጥተው ከመግባታቸው በፊት ለፀሐይ ዞረው የሚያጎነብሱ ምእመናንን ገሥጿል። ምሁራን በሁለት ወገን ቆመዋል፤ አንዱ በዓሉ በፀሐይ በዓል ቦታ ገባ ይላል፣ ሌላው ከፅንሰቱ ቀን ዘጠኝ ወር ተቆጥሮ የመጣ ነው ይላል። እኔ ሚዛኔ ወደ ቆጠራው ያደላል፤ ጳጉሜን ስትጨምር ገናን አንድ ቀን የሚመልሰው የአባቶቻችን ጥንቃቄ ከፀሐይ ጋር ምንም ጉዳይ የለውምና። ሰማዩ የጋራ ስለሆነ ደግሞ ሁለት ሕዝብ አንድ ቀን ላይ ቢገናኝ ሌባ ፍለጋ አያስሮጥም።

«እንጨቱን እንንቀለው?» አለች ልጅቷ። አክስቴ ከለከለች። «ተዉት፤ ገና ላይ ልየው።»

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 29፣ አዲስ አበባ

ከቅዳሴ መልስ ገድፈን ጨዋታ ላይ ሳለን ስልክ ጮኸ። አክስቴ ናት። እንኳን አደረሳችሁ ተባባልን። ሐጂ ሊጠይቋት መጥተው ቡና እየጠጡ ነበር፤ ቀትር ሲሆን የልብስ መለኪያ ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውርደው እንጨቱ ሥር ተንበረከኩ።

«ስድሳ ሰባት ተኩል!» አሉ በስልኩ ውስጥ። «ሁለት ጊዜ ለክቻለሁ።»

የእህቴ ልጅ ደብተሯን አምጥታ ከ70ዎቹ ረድፍ ሥር ጻፈችው።